ሹራቡን ለጊዜው ተዪው፤ በካሬ ጀምሩ

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦

«ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ወንድ ነው፣ 12 ዓመቱ። ሁለተኛዋ 9፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ዝናቡ ሲጠና ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው የሚውሉት። ባለፈው ክረምት ለሦስቱም ሹራብ ልሠራ ብዬ ክር ገዛሁ። የአንዱን ጀርባ ጨርሼ ቀረ፤ ክሩ እስካሁን በፌስታል ተቀምጧል። ዘንድሮ ከልጆቹ ጋር ብንሠራ ደስ ይለኛል። ምን እንሥራ? ወንዱ ልጅ ‹የሴት ሥራ ነው› እያለኝ ነው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ጥጥ ይፈትላሉ እንጂ ሹራብ አይሠሩም። እህቴ ደግሞ ኮምቦልቻ ወልዳለች፤ ለሕፃኑ በእጄ የሠራሁትን ይዤ ብሄድ እላለሁ። ይምከሩኝ።»

እታለም፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ግማሽ ሹራብ በፌስታል ያስቀመጠች ሴት አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሹራብና ዳንቴል ሳስተምር ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ፌስታል ይዘው የመጡብኝ ብዙ ናቸው። ችግሩ ስንፍና አይደለም። የሥራው ምርጫ ነው። አንድ ሹራብ ጀርባ፣ ፊት፣ ሁለት እጅጌና አንገት ነው። ሦስት ሹራብ ሲሆን 15 ቁራጭ ይመጣል። አምስቱ ቁራጭ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ደግሞ የሚለበስ ነገር የለም። ልጅ ያን ያህል አይጠብቅም። አዋቂም አይጠብቅም።

ይህን ከራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት በክረምት የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ አስተምር ነበር። 11 ነበሩ። ሁሉንም ሹራብ አስጀመርኳቸው። መስከረም ሲጠባ ሹራቧን ለብሳ የመጣችው አንዷ ብቻ ናት። የቀሩት አሥሩ «እኔ አልችልም» የሚል ነገር ይዘው ነው የሄዱት። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። ልጆቹ ይችሉ ነበር፤ የሰጠኋቸው ሥራ ነው ከክረምቱ የረዘመው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ትምህርት ሳይከፈት የሚያልቅ ሥራ ምረጪ። ለእናንተ ቤት የምመርጠው ደግሞ ከትናንሽ ካሬዎች የሚገጣጠም አንድ የቤቱ ብርድ ልብስ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ 65 ቀን ነው፤ 9 ሳምንት ከ2 ቀን። የመጨረሻዋን ሳምንት ለማጠብና ለመጨራረስ ተያት። 8 ሳምንት ይቀርሻል። ወንዱ በሳምንት አንድ ካሬ፣ ሴቷ አንድ፣ አንቺ ሦስት ሥሩ። በሳምንት 5 ካሬ ይሆናል። 5 ካሬ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የብርድ ልብሱ አንድ ረድፍ ነው። የካሬው ጎን 15 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ በ8 ሳምንት ስፋቱ 75፣ ቁመቱ 120 ሳንቲሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ታገኛላችሁ። ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጉልበት ይበቃል። ትንሿን ከአንገት እስከ እግሯ ይሸፍናታል። አንድ ሳምንት እንግዳ ቢመጣ ወይም አንዱ ቢታመምስ? 7 ረድፍ ይሆናል። ያጥራል እንጂ አይበላሽም። ሹራብ ይህን አይፈቅድልሽም፤ እጅጌ የጎደለው ሹራብ ሹራብ አይደለም።

እሑድ እሑድ የሳምንቱን 5 ካሬ መሬት ላይ ደርድሩት። ካለፈው ረድፍ ጋር አያይዣቸው። ልጆቹ ብርድ ልብሱ ሲያድግ በዓይናቸው ያያሉ። ከምክርም ከቁጣም የበለጠ የሚያሠራቸው ይህ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ዓይን የምለው መርፌው ላይ የተሰቀለውን እያንዳንዱን ቀለበት ነው። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክርና 4 ተኩል ወይም 5 ቁጥር መርፌ ያዙ። ቁጥሩ የመርፌው ውፍረት በሚሊሜትር ነው። በሁለቱም በኩል ቀጥታውን፣ ማለትም ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ የሚሠራውን ብቻ ሥሩ፤ ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራውን ግልብጡን አትቀላቅሉ። ብዙ ጀማሪ ፊቱ ለስላሳ የሆነውን አሠራር ይወዳል፤ አንድ መስመር ቀጥታ፣ አንድ መስመር ግልብጥ የሚሄደውን ማለቴ ነው። ያኛው ዳሩ ይጠቀለላል። ካሬ ስትሠሪበት እንደ ቅጠል እየተጠቀለለ ያስቸግርሻል። ቀጥታው ብቻ ሲሆን ጨርቁ ተኝቶ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ፊቱ አንድ ነው፤ ወፈር ስለሚል ለደሴ ብርድም ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ልኬት ውሰጂ። 24 ዓይን ጫኚና ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር እስኪሆን ሥሪ። መሃሉ ላይ በሜትር 10 ሳንቲሜትር ለክተሽ ዓይኑን ቁጠሪ። ያገኘሽውን በአንድ ተኩል አባዢው። 20 ካገኘሽ 30 ዓይን ትጭኛለሽ፤ 18 ካገኘሽ 27። ይህን እያንዳንዱ ሠራተኛ ለየብቻው ያድርግ። የአንቺ እጅ ላላ ይል ይሆናል፣ የልጅሽ ደግሞ ይጠብቃል። በተመሳሳይ ቁጥር ብትጀምሩ የአንዱ ካሬ 13፣ የሌላው 16 ሳንቲሜትር ሆኖ አይገጥምም።

ካሬው መቼ አለቀ ትላለሽ? ሜትር እንኳ አያስፈልግም። በዚህ አሠራር ሁለት መስመር ስትሠሪ አንድ ሸንተረር ይወጣል። በ30 ዓይን ከጀመርሽ ሸንተረሩ 30 ገደማ ሲሆን ካሬ ይሆናል። ጥግ ለጥግ አጥፈሽ እዪው፤ ከገጠመ ዝጊው። 30 ሸንተረር 60 መስመር ነው። በቀን 10 መስመር ቢሠሩ በ6 ቀን አንድ ካሬ ያልቃል፤ ሰባተኛው ቀን ዕረፍት ነው። ልጆቹን «ግማሽ ሰዓት ሥሩ» አትበያቸው። «አሥር መስመር» በያቸው። ሰዓት አያልቅም፣ አሥር መስመር ግን ያልቃል።

ስታስተምሪ አራት ቃል ይበቃል፦ ግባ፣ ዙር፣ ውጣ፣ ውረድ። መርፌው ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ክሩ መርፌውን ይዞራል። አዲሱ ቀለበት ይወጣል። አሮጌው ከግራው መርፌ ይወርዳል። ልጆቹ ድምፃቸውን እያሰሙ ይበሉት። የመጀመሪያውን ካሬ አንቺ ጀምሪላቸው፤ ሁለት መስመርም ሥሪላቸው። ከባዱ የመጀመሪያው መስመር ነው። ልጅ እዚያ ላይ ከተናደደ አይመለስም።

የዘጠኝ ዓመቷን እጅ ልብ ብለሽ እዪ። የዚህ ዕድሜ ልጅ ስትጀምር ክሩን ጠቋሚ ጣቷ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ትጠመጥመዋለች። የጣቷ ጫፍ ነጭ ይሆናል። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። መርፌው ዓይኑ ውስጥ አልገባ ብሎ ሲጥ ሲጥ ይላል። እንዲህ ስታያት «ላላ አድርጊ» ብትያት አይገባትም። ክሩን ከጣቷ ፍቺና በመዳፏ ላይ ብቻ እንዲያልፍ አድርጊው። መርፌዋን በአንድ ቁጥር አሳድጊላት፤ ልኬቷን ግን እንደገና ውሰጂ። የእንጨት መርፌ ለልጅ ይሻላል፤ ብረት ያንሸራትታል፣ ዓይኑ ይወድቅባታል። ከቀርከሃ 25 ሳንቲሜትር ቆርጦ፣ ጫፉን አሹሎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል፤ ትልቁ ልጅሽ ይሠራዋል። እኛ በልጅነታችን የተማርንበት የብስክሌት ጎማ ሽቦ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለዚህ ክር በጣም ቀጭን ነው።

ግራኝ ልጅ ካለሽ አጠገቧ አትቀመጪ። ፊት ለፊቷ ሁኚ፤ እንደ መስታወት አይታ ትከተልሻለች።

አንድ ስህተት በእርግጠኝነት ይመጣል። 30 የነበረው ዓይን ሳይታወቅ 31፣ 33 ይሆንና ካሬው ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ምክንያቱ ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ነው። ሥራው ሲገለበጥ ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ከተወረወረ የመጀመሪያውን ዓይን ወደ ላይ ይስበዋል። አንዱ ዓይን ሁለት መስሎ ይታያል፤ ልጁም ሁለቱንም ይሠራቸዋል። ሥራው በተገለበጠ ቁጥር ክሩ ከመርፌው በታች መሆኑን ይዩ። በየሁለት መስመሩ ይቁጠሩ። ዓይን ከወደቀ ደግሞ ሥራውን አትፍቺ። በመርፌ ቁልፍ ያዢውና በኪሮሽ እየሳብሽ መልሰሽ ስቀይው።

ክሩን በተመለከተ፣ ፌስታሉን አውጪው። የተጀመረውን ጀርባ ተርትሪው። አይቆጭሽ፤ ካሬ ሆኖ ይመለሳል። ከ100 ግራም ክር 6 ካሬ ገደማ ይወጣል፤ ለ40 ካሬ 7 ባለ 100 ግራም ኳስ ይበቃል። አዲስ የምትገዢ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሺ። አንድ ጊዜ የሹራብ ጀርባ ሠርቼ ክር አለቀብኝና ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ቀለም ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ በአምፖል ሳየው አንድ ነበር። ሹራቡ አልቆ ደጅ በፀሐይ ሲታይ ፊቱ ከጀርባው ፈዘዝ ያለ ሆነ። ክር በተለያየ ጊዜ ሲነከር ቀለሙ ይለያያል፤ ስሙ አንድ ቢሆንም። ለአንድ ልብስ የሚሆነውን ክር አንዴ መግዛት ግድ ነው። ለካሬ ብርድ ልብስ ግን አያሳስብሽም፤ የቀለሙ መለያየት ውበቱ ነው።

ወጪ ለመቀነስ ከሁሉ የሚሻለው አሮጌ ሹራብ መተርተር ነው። ሰኞ ገበያ ስትወጪ ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጥበት ቆም በይ። የተቀደደ ወይም ከፋሽን የወጣ ሹራብ አንሺ፤ ግን ከመግዛትሽ በፊት ገልብጪው። የጎኑን ስፌት እዪ። ዳሩ ተቆርጦ በኦቨርሎክ፣ ዳር በሚዘመዝመው ማሽን የተሰፋ ከሆነ መልሺው፤ ሲተረተር በየመስመሩ ይቆራረጣል። ዳሩ ሙሉ ሆኖ ሁለት ጠርዝ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ውሰጂው፤ ክሩ ሳይቆረጥ እየተከተለ ይወጣል። ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ስፌቱን ፍቺ፤ እጅጌና ገላውን ለያዪ። ከዚያ ከላይ፣ ከአንገትና ከትከሻ በኩል ጀምሪ። አብዛኛው ሹራብ ከታች ተጀምሮ ላይ ስለሚያልቅ ከታች ብትጎትቺው እምቢ ይላል።

የተተረተረው ክር እንደ ጥቅልል ፀጉር ነው። እንደዚያው ብትሠሪበት ካሬው ይጎረብጣል። በወንበር መደገፊያ ዙሪያ ጠምጥሚው፣ አራት ቦታ በክር እሰሪው፣ አውጪውና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። አትሺው። ጨምቀሽ ስቀይው፤ ከታች ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የልብስ መስቀያ፣ አንጠልጥይበት። በደሴ ክረምት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ታገኚዋለሽ። ይህን ሥራ ልጆች በጣም ይወዱታል፤ አንዱ ይተረትራል፣ ሌላው ይጠቀልላል።

ክሩ ምን እንደሆነ ካላወቅሽ ትንሽ ቁራጭ ብረት ሳህን ላይ አቃጥለሽ እዪ። ይህን አንቺ ብቻ አድርጊው። እንደ ፀጉር ከሸተተና ከእሳቱ ሲርቅ ከጠፋ፣ አመዱም በጣት ከተፈጨ ሱፍ ነው። እንደ ወረቀት ከነደደና ቀላል ግራጫ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጥቁር ጠንካራ ዶቃ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ለምን ያስፈልጋል? ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይጠብቃል፣ ይኮማተራል፤ አይመለስም። ሰው ሠራሽ ክር ካውያ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። ለብርድ ልብሱ አንዱን ዓይነት ምረጪ፤ አትቀላቅይ። አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ካሬ ተኮማትሮ ሌላውን ይጎትተዋል።

ስለ ወንዱ ልጅሽ። «የሴት ሥራ ነው» ሲልሽ አትከራከሪው። አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ በአገራችን ጋቢውንና ነጠላውን የሚሸምነው ማን ነው? ሸማኔው ወንድ ነው። እናቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ሁለቱ ካልተገናኙ ጋቢ የለም። ይህን ካልሽው በኋላ ሥራ ስጪው። የብርድ ልብሱን ንድፍ እሱ ያውጣ። ባለ ካሬ ደብተር ላይ 5 በ8 ይሣል፣ የትኛው ቀለም የት እንደሚገባ ይወስን፣ ስንት ካሬ ከየቀለሙ እንደሚያስፈልግ ያስላ። የሁሉንም ልኬት መዝጋቢ ይሁን።

ካሬውን ቢሰለች ትንሽ ሽመና አስሞክሪው። ጠንካራ ካርቶን 20 በ25 ሳንቲሜትር ይቁረጥ። አጭሩ ዳር ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ በየ1 ሳንቲሜትሩ ግማሽ ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጥርስ ያውጣ። ሲባጎውን ከላይ ወደ ታች እየመለሰ ይወጥር፤ ይህ ድሩ ነው። ማጉ ከአሮጌ ጥጥ ቲሸርት 2 ሳንቲሜትር እየሆነ የተቆረጠ ጨርቅ ይሁን። አንዱን ድር ከላይ፣ አንዱን ከሥር እያለፈ ይሄዳል። ማጉን ቀጥ አድርጎ ከሳበው ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ስለዚህ እንደ ቅስት ከፍ አድርጎ ይዘርጋውና በሹካ ወደ ታች ይምታው። ለረከቦት ላይ የሚሆን ትንሽ ምንጣፍ በሦስት አራት ቀን ይጨርሳል። የሹራብ ክር ግን እዚህ አይግባ። ሰው ሠራሹ ትኩስ ጀበና ሲያርፍበት ይቀልጣል።

ትንሿ መርፌ አትያዝ። በጣቷ ሰንሰለት ትሥራ፦ ቀለበት ሠርታ፣ ጣቷን አስገብታ ክሩን ትሳብ፣ እንደገና ታስገባ። ሰንሰለቱ ሲረዝም የመጋረጃ ማሰሪያ ይሆናል። አንገቷ ላይ እንዳታስረው ብቻ ተቆጣጠሪ። ለብርድ ልብሱ አራት ጥጎች የሚሆኑትን ዘርፎችም እሷ ትጠቅልል። ክሩን መዳፍሽ በሚያህል ካርቶን ላይ 30 ጊዜ ጠምጥማ ትስጥሽ፤ አንቺ እሰሪው፣ ቁረጪው።

ወደ ኮምቦልቻ ደግሞ እንውረድ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ሹራብሽን ማውለቅ ትጀምሪያለሽ። ለዚያ ሕፃን ሱፍም ሰው ሠራሽ ክርም አታስቢ። ጥጥ ነው የሚሻለው፤ ላብ ይመጥጣል፣ ደጋግሞ ይታጠባል።

እዚህ ላይ ነው አማትሽ የሚያስፈልጉን። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ሲለቁት ልጆቹ ቁጭ ብለው ይዩአቸው። ክሩ ከጣታቸው መሃል እየቀጠነ ሲወጣ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ግን አንድ ነጠላ ፈትል እንዲሁ ብትሠሪበት ጨርቁ ወደ አንድ ጎን ይዛባል። ምክንያቱ የክሩ ጠመዛ ነው። ሁለት ፈትል አንድ ላይ አድርገው፣ መጀመሪያ ከተፈተለበት በተቃራኒው አዙረው እንዲያከርሩልሽ ለምኛቸው። ጠመዛው ይመጣጠናል፤ ክሩም ይጠነክራል። ከዚያ በ3 ወይም 3 ተኩል ኪሮሽ 25 በ25 የሆነ የሕፃን ማጠቢያ ጨርቅ ሥሪ። ሦስት አራት ፍሬ በቂ ስጦታ ነው። ለማስታቀፊያ የሚሆን ትልቅ ነገር ካሰብሽ 75 በ75 ይሁን። ብዙ ቀዳዳ ያለው ዳንቴል አታድርጊው፤ የሕፃን ጣት ይገባና ይጠመዘዛል። ቁልፍ፣ ዶቃና የአንገት ማሰሪያ ይቅር። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚኮማተር ሠርተሽ፣ አጥበሽ፣ አድርቀሽ ነው የምትወስጂው።

ብርድ ልብሱን ስትጨርሱ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቢው። አትጠምዝዢው። በፎጣ ጠቅልለሽ በእግርሽ ቆመሽበት ውሃውን አውጪ። ገመድ ላይ አታስጪው፤ እርጥብ ሹራብ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ ካሬው ሁሉ ይንሻፈፋል። ፎጣ ላይ ዘርግተሽ፣ በእጅሽ አስተካክለሽ፣ በየጊዜው እያገላበጥሽ አድርቂው። ጭስ ካለበት ክፍል አርቂው፤ ሽታው አይለቅም።

ዛሬ ማታ የምትሠሪው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፌስታሉን አውጥተሽ፣ ጀርባውን ከልጆቹ ጋር ተርትራችሁ፣ 24 ዓይን ጫኚ። 5 ቁጥር መርፌ ከሌለሽ 4 ተኩልም ይሆናል፤ የ10 ሳንቲሜትሩን ዓይን ግን በደንብ ቁጠሪ።